ብላታ ጓንጉልና የገደባ ጨፌ

ስለ ብላታ ጓንጉል ብዙ ይወራል፤ ግማሹ ግን እሳቸው ያሉት አይደለም። ጠጅ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ራሱ የፈጠረውን ቀልድ የሚያሸክመው ሲያጣ በእሳቸው ላይ ይጭናል። እኔ የምነግራችሁ ከእናቴ ወንድም ከባሻ እሸቴ የሰማሁትን ብቻ ነው። ባሻ እሸቴ በሕይወታቸው አንድ ቀልድ እንኳ መፍጠር የማይችሉ፣ ሌላው ሲስቅም «ምን ሆነ?» ብለው የሚጠይቁ ሰው ነበሩ። ስለዚህ አምናቸዋለሁ።

ብላታ የገደባ ሰው ናቸው፤ ሥራቸው ነገረ ፈጅነት ነበር፣ ዛሬ ጠበቃ የምንለው። የዚያን ጊዜ ነገረ ፈጅ ትምህርት ቤት ገብቶ አይወጣም። ሸንጎ ሲውል ያድግና አንድ ቀን ኩታውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ይዞ ዳኛ ፊት ይቆማል፤ አፉ ከያዘው ወደ እርሻው ይመለሳል፣ ካልያዘው ነገረ ፈጅ ይሆናል። ብላታን አፋቸው ይዟቸው አያውቅም። ቁመታቸው አጭር ስለነበር ዘንጋቸው ከራሳቸው በላይ ይታይ ነበር። ሲቆጡ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ እንጂ አይጮኹም። ሰው ሆዱን ይዞ ሲስቅ እሳቸው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፤ ሲስቁ ያየ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

*

ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት በገደባ አንድ ወምበር ነበሩ፤ ወምበር የዚያ ዘመን ዳኛ ነው። ምሳ በልተው ችሎት ከተቀመጡ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ተሟጋቹ ይጮኻል፣ እሳቸው ያንቀላፋሉ፤ ሲነቁ መጨረሻ የተናገረው ማን እንደሆነ ይጠይቁና ለእሱ ይፈርዳሉ።

አንድ ቀን ብላታ ባሏ የሞተባትን ሴት ነገር ይዘው ሲሟገቱ የዳኛው አንገት ዘንበል አለ። ብላታ ንግግራቸውን አቆሙ። ዝምታው ሲበዛ ዳኛው ብንን ብለው፣

«ለምን ታቋርጣለህ? የተኛሁ መሰለህ? ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሰማ» አሏቸው።

ብላታ እጅ ነሡ። ዘንጋቸውን አጋደሙ፣ ኩታቸውን ተከናነቡ፣ ችሎቱ መካከል መሬቱ ላይ ጋደም አሉ።

«ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው?» አሉ ዳኛው።

«እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እየተሟገትኩ ነው፤ ይስሙኝ።»

*

ቀኛዝማች መንበሩ የገደባ ትልቅ ባለርስት ነበሩ። ንፉግ ናቸው ብል ንፉጎች ይቀየሙኛል። የጎረቤት በሬ ገብሳቸው ውስጥ ገብቶ ጋጠባቸውና ሊከሱ ብላታን ነገረ ፈጅ አድርገው ያዙ። ነገረ ፈጅ የያዘ ሰው በሙግቱ ዋዜማ ቤቱ ጠርቶ ያበላል፤ የአገሩ ወግ ነው። ቀኛዝማችም እያዘኑ ጠሩ።

ዶሮ ወጥ ቀረበ። ብላታ ቢያጠቅሱ መረቅ፣ ጠለቅ አድርገው ቢያጠቅሱ መረቅ፣ ሳህኑን ዘንበል ቢያደርጉት መረቅ።

«ቀኛዝማች፣ ዶሮዋ የት አለች?»

«በላዩ አልፋለች» አሉ ቀኛዝማች፣ ዓይናቸውን ሳያሹ፤ «ጣዕሙ አይሰማዎትም?»

በማግሥቱ ችሎት ተሰየመ። ብላታ ተነሡ፤ «በሬው ገብቷል» አሉና ተቀመጡ። ዳኛው «ቀጥል» ቢሏቸው ዝም። የባላጋራቸው ነገረ ፈጅ ሳይናገር አሸነፈ። ቀኛዝማች በንዴት ነደው የብላታን ኩታ ከኋላ ጎተቱ፤

«ሰውዬ! ሙግቱ የት አለ?»

«በላዩ አልፌበታለሁ፤ ጣዕሙ አይሰማዎትም?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀኛዝማችና ብላታ ሰላምታቸው በሩቁ ሆነ። በሩቁ መሆኑ ለብላታ አልከፋቸውም፤ ለገደባ ግን በኋላ ጣጣ አመጣ።

*

ከዚያ ጣሊያን ገባ። ጦርነቱን ሌላ ሰው ይንገራችሁ፤ እኔ ሙግቱን ነው የያዝኩት።

ገደባን እንዲገዛ የተሾመው ካፒቴን ቤሎቲ የሚባል ነው። «አንቱ» አልለውም፤ ባሻ እሸቴም አይሉትም ነበር። ካፒቴኑ ጫማው የሚያበራ፣ ጸጉሩ የተቀባ፣ ሕግ የሚወድ ሰው ነው። ጣጣው ሁሉ የመጣውም ሕግ ከመውደዱ ነው። ሌላው ሹም የሰው ቤት ሲያቃጥል ዝም ብሎ ያቃጥላል፤ ቤሎቲ ግን አንቀጽ ጠቅሶ፣ ባለቤቱን አቁሞ፣ አንቀጹን አስተርጉሞ ነው የሚያቃጥል። አስተርጓሚው ዘርኡ ይባላል፤ ከአስመራ ይዞት የመጣ ቀጭን ጎልማሳ ነው። ካፒቴኑ እንዳይቆጣ፣ ሕዝቡም እንዳይቆጣ፣ የሁለቱንም ንግግር እያለሰለሰ ሲያስተላልፍ ይውላል። ማታ ማታ ራሱን ያመው ነበር አሉ።

ካፒቴኑ በገባ በሳምንቱ ሕዝቡን ዋርካው ሥር ሰበሰበ። ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን አነባብሮ፣

«እስከ ዛሬ ያለ ሕግ ኖራችኋል፤ አሁን ግን ሕግ ይዘንላችሁ መጥተናል» አለ።

ከሕዝቡ መካከል ዘንግ ብቻ ብቅ አለ፤ ከሥሩ ብላታ ነበሩ።

«ደግ አድርገዋል ጌታዬ። የእኛንስ የት አስቀመጡት?»

ዘርኡ ይህን እንዴት አድርጎ እንዳለሰለሰው አይታወቅም። ካፒቴኑ ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ «ይህ አጭር ሰውዬ ጨዋ ነው፣ ስሙን ያዙልኝ» አለ ይባላል።

*

ስማቸው የተያዘው በከንቱ አልነበረም። ካፒቴኑ ከአገሩ ሰው አምስት መካሪዎች መርጦ ምክር ቤት አቋቋመ፤ ብላታንም ከአምስቱ አንዱ አደረጋቸው። ቀኛዝማች መንበሩ ደግሞ የአምስቱ አለቃ ሆኑ። ብላታ እንቢ ቢሉ ዋጋቸውን ያውቁታል፣ እሺ ቢሉም ያውቁታል። እሺ አሉ። ገበያ ሲያልፉ አንዲት ቅቤ ነጋዴ «አሁን ደግሞ ጌቶች ሆኑልን!» ብላ ፊቷን አዞረችባቸው። ብላታ ነጠላቸውን አስተካክለው አለፉ። ከፍቷቸው ነበር፤ ባሻ እሸቴ አብረዋቸው ስለነበሩ አይተዋል።

የመጀመሪያው ስብሰባ ስለ መንገድ ነበር። ካፒቴኑ አዲሱ መንገድ በጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ ውስጥ እንዲያልፍ ወስኖ፣ ግንቡን ማፍረስ ካስጀመረ በኋላ ምክራቸውን ጠየቀ። ቀኛዝማች «እርስዎ ያሉት» አሉ። ሁለተኛውም «እርስዎ ያሉት» አለ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም እንዲሁ። ብላታ ጋ ሲደርስ ዝም አሉ።

«አንተስ ለምን አትመክርም?» አለ ካፒቴኑ፤ «ለዚህ አይደል የሾምኩህ?»

«ምክር ሳይወሰን ነው ጌታዬ። ከተወሰነ በኋላ ያለው ጭብጨባ ነው፤ ለእሱ ደግሞ አራት ሰው አለዎት።»

ዘርኡ «ብላታ ጉሮሯቸውን ታመዋል» ብሎ ተረጎመ። በማግሥቱ የካፒቴኑ ሐኪም ብላታ ቤት ድረስ መድኃኒት ይዞ መጣ።

*

አሁን ወደ ጨፌው ልምጣ።

ከገደባ ከተማ ዝቅ ብሎ ሰፊ ጨፌ አለ። ክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ በጋ ሌላው መሬት ሲሰነጣጠቅ እሱ ይለመልማል። አንዲት ላም ያላትም መበለት፣ መንጋ ያለውም ባለጸጋ እዚያ ነው የሚያሰማሩ። ማንም ሌላውን «ውጣ» ብሎ አያውቅም። ጨፌው ከሄደ ከብቱ በበጋ ያልቃል፣ ከብቱ ካለቀ የሚያርስ በሬ አይኖርም፣ ገደባም ገደባ አይሆንም። ይህን ለማወቅ ነገረ ፈጅ መሆን አያስፈልግም።

ካፒቴኑ ጨፌውን ከአገሩ ለሚያመጣው ገበሬ ሊሰጠው ተነሣ። ትራክተር ይገባበታል፣ ስንዴ ይዘራበታል ተባለ። ነጥቆ መውሰድ ይችል ነበር፤ ጠመንጃው የእሱ ነው። ግን ሕግ ይወዳል ብያችኋለሁ። «በአገሩ ልማድ፣ በአገሩ ሽማግሌ ፈቃድ ተረከብኩ» ብሎ ለበላዩ ለኮሎኔሉ መንገር ፈለገ። በአገሩ ልማድ ደግሞ መሬት ሲተላለፍ ታላላቆቹ ወሰኑን በእግራቸው ዞረው «ሌላ ባለቤት የለውም» ብለው ይምላሉ። ስለዚህ አምስቱ መካሪዎች ዞረው እንዲምሉ ታዘዘ። አራቱ ጫማቸውን አጠለቁ። አምስተኛው አልተነሡም።

ካፒቴኑ ብላታን ለብቻቸው አስጠራ። ወንበር ሰጣቸው፣ ሲጃራ ጋበዛቸው፣ አያጨሱም። ከዚያ ድምፁን አለሳልሶ፣

«ከማልክ ከጨፌው ላይኛውን ጥግ ላንተ እሰጥሃለሁ» አላቸው።

«የራሴን ለራሴ ሲሰጡኝ ምስጋናውን ለማን ላቅርብ?»

*

ካፒቴኑ መሐላውን ሳይጠብቅ ቀያሾች ላከ። ራሱም በመኪና፣ ቀኛዝማች በበቅሎ፣ የታጠቁ ባንዳዎች በእግር ሆነው ወረዱ። ሠራተኞቹ በጨፌው ጠርዝ ችካል ሊመቱ መዶሻ አነሡ። መኪናው ወደ መካከል ሊገባ ሲል ብላታ ከቄጠማው ውስጥ ብቅ ብለው፣ ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተክለው፣

«በሕግ አምላክ!» አሉ።

በእኛ አገር ይህን ቃል የሰማ ይቆማል። የሚደባደብ እጁን ይሰበስባል፣ የሚሸሽ እግሩን ይይዛል። ለምን እንደሚቆም ጠይቆ የሚያውቅ የለም፤ ይቆማል። ሾፌሩ የአገር ሰው ነበርና ፍሬን ያዘ። ባንዳዎቹ ጠመንጃቸውን እንዳነገቱ ቀጥ አሉ። ሠራተኞቹ መዶሻውን ከራሳቸው በላይ እንደያዙ ደረቁ። የቀኛዝማች በቅሎም ቆመች። በቅሎዋ የቆመችው ግን ቀኛዝማች ልጓሙን ስለሳቡ ነው ይላሉ ባሻ እሸቴ፤ ማጋነን አይወዱም።

ካፒቴኑ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀስ። ከመኪናው ዘሎ ወርዶ ሾፌሩን ጮኸበት፣ ባንዳዎቹን ገፈተረ፤ ማንም ንቅንቅ አላለም። ፊቱ ቀልቶ ብላታ ዘንድ መጣና፣

«ያለ እኔ ትእዛዝ ይህን ሁሉ ሰው እንዴት አቆምከው?» አላቸው።

«እኔ አይደለሁም ጌታዬ። እኔማ አብሬ ቆሜያለሁ።»

*

በአገሩ ልማድ «በሕግ አምላክ» ያለ ሰው ነገሩን ሸንጎ አቅርቦ ይሟገታል። ካፒቴኑ ይህን ሲሰማ ደስ አለው፤ ሸንጎ ከሆነማ ዳኛው እሱ ነው። በቀጠሮው ቀን ዋርካው ሥር ወንበሩ ላይ ተቀመጠና «መንግሥቴ ጨፌው የእኔ ነው ይላል፤ በል ተከራከር» አላቸው።

ብላታ ዘንጋቸውን ደገፍ አሉ።

«ጌታዬ፣ በእኛ ወግ ከሳሽ ይቆማል፣ ዳኛ ይቀመጣል። እርስዎ ሁለቱንም ከሆኑ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ? ቤቴ ልሂድ።»

ሕዝቡ ገና ሳይስቅ አፉን በነጠላው ጫፍ ያዘ። ካፒቴኑ በሕግ ሲታማ አይወድም። ተነሣና፣ ከአገሩ ሽማግሌዎች ሦስቱን መርጦ ወንበሩ ጋ አስቀመጠ። የመረጣቸው ሲያዩት የሚደነግጡ ፈሪዎች ናቸው ተብሎ ስለተነገረው ነው። አንጋፋው አባ ቢተው ይባላሉ። በእርግጥም ይፈሩ ነበር።

ከዚያ ቀኛዝማች መንበሩ ለምስክርነት ቀረቡ። «ጨፌው ባለቤት የለውም» ብለው መሰከሩ። ብላታ ቀስ ብለው መስቀለኛ ጠየቋቸው።

«የእርስዎ ከብት በበጋ የት ነው የሚግጥ?»

«ጨፌው ላይ ነዋ።»

«የእኔስ?»

«ጨፌው ላይ።»

«የዚች ከፊት የተቀመጠችው ሴት ላም?»

«የሁሉም እዚያው ነው፣ ምን ያደክመኛል!» አሉ ቀኛዝማች ትዕግሥታቸው አልቆ።

ብላታ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«አባቶቼ፣ ቀኛዝማች አልዋሹም። ባለቤቱ በዝቶባቸው ነው የለውም ያሉት።»

*

ሽማግሌዎቹ እየፈሩም ቢሆን ለካፒቴኑ አልፈረዱም። «ይደር» አሉ። ካፒቴኑ ግን አላሳደረውም፤ በዚያው ቀን ብላታን «ሕዝብ ለአመፅ አነሣሥቷል» ብሎ አሰራቸው። የአመፅ ቅጣት ስቅላት መሆኑን አገሩ ሁሉ ያውቃል። በበነጋው ዋርካው ላይ ገመድ ታሰረ።

እስር ቤቱ ቀድሞ የቀኛዝማች ጎተራ ነበር፤ ለካፒቴኑ ያከራዩት እሳቸው ናቸው። ካፒቴኑ ሊጎበኛቸው ገባ። በሩ ላይ ዘብ፣ በመስኮቱ ዘብ፣ በጣሪያው ላይ ሳይቀር ዘብ አቁሟል።

«እንግዲህ ያሸነፈው ማን እንደሆነ አየህ?» አላቸው።

«አላየሁም ጌታዬ። ያሸነፈ ሰው ይህን ሁሉ ዘብ ምን ያደርግለታል?»

ካፒቴኑ ከወጣ በኋላ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጠጅነሽ ምግብ ይዘው መጡ። ወይዘሮ ጠጅነሽ ከብላታ በአንድ ክንድ የሚረዝሙ፣ ነገር የማያበዙ ሴት ነበሩ። ብላታ እንጀራውን ቆረስ አደረጉና መልሰው አስቀመጡት።

«ጠጄ፣ ፈርቻለሁ» አሉ። «ገመዱን በመስኮቱ እያየሁት ነው። ለዘመናት ሰው ፊት ስቆም እንዲህ ሆኜ አላውቅም።»

ወይዘሮ ጠጅነሽ እጃቸውን ያዙ። ዘቡ «ይበቃል፣ ውጪ» እስኪላቸው ድረስ አልለቀቁም። ሲነሡ ነጠላቸውን እያስተካከሉላቸው፣

«ይፍሩ፤ ምን አለበት? ግን እዚሁ ፈርተው ይጨርሱት፣ ሸንጎ ይዘውት አይውጡ» አሏቸው።

ይህን የብላታ አባባል ነው እያሉ የሚናገሩ አሉ። የወይዘሮ ጠጅነሽ ነው። ባሻ እሸቴ በዚህ ሲጣሉ ኖረዋል፣ እኔም እጣላለሁ።

*

የፍርዱ ቀን ኮሎኔሉ ከሩቅ መጣ። ካፒቴኑ «የአገሩን ሰው በአገሩ ልማድ ስዳኝ ይዩልኝ» ብሎ ጋብዞት ነው። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ጃንጥላ ተዘረጋ፣ ፎቶ የሚያነሣም ወታደር ከጎን ቆመ። ገመዱ ከዋርካው ቅርንጫፍ ላይ በነፋስ ይወዛወዛል። ሕዝቡ ከየጎጡ ወርዶ ሜዳውን ሞልቶታል። ካፒቴኑ ዛሬ ከሳሽ ስለሆነ ቆሟል፤ ለኮሎኔሉ በአርጩሜው እየጠቆመ ይህንንም አስረዳው፣ «ከሳሽ ይቆማል፣ ወጋቸው ነው» እያለ።

ብላታ ታስረው ቀረቡ። ዘንጋቸውን ስለወሰዱባቸው ከሰው መካከል አይታዩም ነበር፤ ሕዝቡ ገለል ብሎ አሳያቸው።

በእኛ ወግ ነገር ከመከፈቱ በፊት ተሟጋቾቹ ዋስ ይጠራሉ። አንዱ ወገን መሀል ላይ ጥሎ ቢጠፋ ዋሱ ይያዝለታል፤ ዋስ ከሌለ ነገሩ አይከፈትም። ዳኞቹ እንደ ቀድሞው ሦስቱ ሽማግሌዎች ናቸው፤ አባ ቢተው ከተቀመጡበት ሆነው፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ፣

«ተከሳሽ ዋስ ጥራ» አሉ።

ብላታ ወደ ሕዝቡ ዞር አሉ። መጥራት አላስፈለጋቸውም። ከፊት ያለው ተነሣ፣ ከኋላው ያለው ተነሣ፣ ሜዳው በሙሉ ተነሣ። «እኔ ዋስ ነኝ!» «እኔ ነኝ!» የሚለው ድምፅ እስከ ጨፌው ተሰማ። ባሻ እሸቴም ተነሥተው ነበር፤ ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ እንደነበር አልረሳም።

ካፒቴኑ አልተናደደም። እንዲያውም ለኮሎኔሉ «አዩ፣ ሥርዓት አላቸው» አለው። አባ ቢተው ግን አልቀጠሉም። ወደ ካፒቴኑ ዞሩ። ከዚያ፣

«ከሳሽም ዋስ ይጥራ» አሉ።

ዘርኡ መተርጎም ትቶ ሽማግሌውን አያቸው። «አባ፣ ምን አሉ?» አላቸው በሹክሹክታ። አባ ቢተው ደገሙት፤ ሁለተኛው ጊዜ ድምፃቸው አልተቆራረጠም። ዘርኡ ተረጎመ።

ካፒቴኑ ሳቀ። «የእኔ ዋስ የሮማ መንግሥት ነው» አለ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ራስ ለራስ ተያይዘው ተማከሩ።

«እዚህ አለ?» አሉ አባ ቢተው።

«ሮማ ነው ያለው።»

«በገደባ ርስት አለው?»

ካፒቴኑ ይህን ለመመለስ አፉን ከፍቶ ጨፌውን አየ፣ መልሶም ዘጋው።

«ዋስ የሚሆን ሰው የአገሩ ባለርስት ነው» አሉ አባ ቢተው፤ «ሲጠራ አቤት ይላል። የእርስዎን ዋስ ከዚህ ብንጠራው አይሰማንም። ከዚሁ ሰው ይጥሩ።»

ካፒቴኑ ዞረና ቀኛዝማች መንበሩን በጣቱ ጠራቸው። «አንተ! ባለርስት ነህ። ዋስ ሁነኝ።»

ሜዳው ሁሉ ቀኛዝማችን አየ። ቀኛዝማች ተነሡ። የለበሱት ካባ ካፒቴኑ የሸለማቸው ነው። ማተባቸውን ያዙ፣ ጢማቸውን ነካኩ፣ ወደ እርሻቸው አቅጣጫ ተመለከቱ። ዋስ የሆነለት ሰው ከጠፋ የዋሱ ርስት እንደሚነጠቅ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ዓመት ሙሉ ካፒቴኑን «ጌታዬ፣ ጌታዬ» ሲሉ የኖሩት ሰው፣ ያቺን አንዲት ነገር ሲጠየቁ፣

«ጌታዬ፣ እኔን ትንሽ ያመኛል» ብለው ተቀመጡ።

ሌላው መካሪም አሞት ነበር። አራቱም ታመው ነበር።

ነገሩ እንዴት እንዳለቀ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ የብላታን መልስ ወደ ኋላ ላድርገው፣ ባሻ እሸቴም እንዲያ ነበር የሚያወሩት። ኮሎኔሉ «ምንድን ነው የሚባባሉት?» ብሎ ዘርኡን ጠየቀ። ዘርኡ በዚያች ቀን፣ ለምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም፣ ምንም ሳያለሰልስ ነገረው። ኮሎኔሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ በካፒቴኑ ላይ ነው የሳቀው። በበላይ አለቃው ፊት የተሳቀበት ሹም ሰው መስቀል አይቻለውም። ነገሩ ከሳሹ ዋስ እስኪያገኝ ድረስ ተቀጠረ፣ ብላታም በሕዝቡ ዋስትና ተፈቱ። ገመዱን ማን ፈትቶ እንደወሰደው አልታወቀም፤ ጥሩ ገመድ ነበር። ችካሎቹን ሴቶች ለቅመው ማገዶ አደረጓቸው። ጨፌው ላይ ከብቱ ገባ።

መልሱ የመጣው ቀኛዝማች ከተቀመጡ በኋላ ነው። ካፒቴኑ መሳቁን ትቶ፣ ደም ሥሩ ተገትሮ፣ በአርጩሜው የገዛ ጫማውን እየመታ ጮኸ፤

«ከእኔ ነው ዋስ የሚጠየቅ? እኔ ገዥ ነኝ! ተከሳሹ እሱ ነው፤ ሊያመልጥ የሚችለውም እሱ ነው!»

ብላታ እጃቸው እንደታሰረ ቀና ብለው አዩት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ሜዳው ሁሉ ግን ሰማቸው።

«እኔ አገሬ ላይ ቆሜ የት አመልጣለሁ ጌታዬ? ዋስ የሚጠራው አንድ ቀን የሚሄደው ሰው ነው።»